«ቅሬታ አልቀረበልንም» ማለት ሕዝቡ ረክቷል ማለት ነው?

መዝጋቢ፦ ባለፈው ሳምንት በተካፈልኩበት የእርዳታ አስተባባሪዎች ስብሰባ ላይ የአንድ ድርጅት ኃላፊ «በዚህ ሩብ ዓመት አንድም ቅሬታ አልቀረበልንም፤ ይህም ኅብረተሰቡ መርካቱን ያሳያል» ብለው ሲናገሩ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። የዚያ ድርጅት የአስተያየት ሣጥን የተሰቀለው ከጥበቃው ቤት አጠገብ ሲሆን፣ በእደላ ቀን የእርዳታ ተቀባዮችን የስም ዝርዝር የያዘው የኮሚቴ አባል የሚቆመው ከሣጥኑ ሦስት እርምጃ ርቆ ነው። ስሟ ከዝርዝሩ የወጣባት እናት መጻፍ ስለማትችል፣ ቅሬታዋን ጻፍልኝ የምትለው ያንኑ ስሟን ያወጣውን ሰው ነው። ታዲያ ዝምታዋን እርካታ ብሎ መመዝገብ እንዴት ይቻላል?

የመስክ አስተባባሪ፦ የሣጥኑን ነገር እቀበላለሁ፤ ጥፋቱን ሁሉ በድርጅቶች ላይ መጫን ግን ተገቢ አይመስለኝም። ሰዎች ከብርድ ልብስ ይልቅ ጥሬ ገንዘብ እንደሚሻላቸው ነግረውን፣ እኔው ራሴ ጽፌ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ልኬ አውቃለሁ። ሆኖም በጀቱ ከለጋሹ ጋር በተፈረመው ውል አስቀድሞ ታስሮ ስለነበር ብርድ ልብሱ ተገዝቶ መጣ። ገንዘቡ ከላይ ስለሚመጣ ተጠያቂነቱም ወደ ላይ ይሆናል።

መዝጋቢ፦ «ገንዘቡ ከላይ ስለሚመጣ» የሚለውን አነጋገር ልቀበልዎ አልችልም። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ንቅናቄ ከግብረ ሠናይ ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ በ9ኛው መርሑ፣ ለሚረዱት ሰዎችም ሀብት ለሚሰጧቸውም ተጠያቂ እንደሚሆኑ ቃል ያስገባል። ቃሉ የተገባው ለሁለት ወገን ሆኖ ሳለ የሚከበረው ለአንዱ ብቻ ነው።

ታዛቢ፦ ቅሬታ ቢቀርብስ ምን ይለወጣል? እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ ውስጥ ኮሌራ ሲነሣ፣ የሚርባሌ አካባቢ ነዋሪዎች ገና ከጅምሩ ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ወደ ወንዙ የሚፈሰውን ቆሻሻ እያሳዩ ይጮኹ ነበር። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ካለቀ በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው። ተጎጂዎቹ የከሰሱበት ፍርድ ቤትም የተባበሩት መንግሥታትን ያለመከሰስ መብት አጽንቷል።

የመስክ አስተባባሪ፦ እነዚያ ሰላም አስከባሪዎች እንጂ የእርዳታ ሠራተኞች አይደሉም፤ ምሳሌው ከጉዳያችን ይርቃል።

ታዛቢ፦ እንግዲያውስ ምዕራብ አፍሪካን ልጥቀስልዎ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የሕፃናት አድን ድርጅቱ ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የስደተኛ መጠለያዎች ልጃገረዶች እርዳታ ለማግኘት በራሳቸው በእርዳታ ሠራተኞቹ ጭምር ለወሲብ ይገደዱ እንደነበር ተዘግቧል። ይህ የታወቀው አጥኚዎቹ ሄደው፣ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው ስለጠየቁ ነው። ያን ጊዜም «ቅሬታ አልቀረበልንም» የሚል ኃላፊ ቢገኝ፣ ስለ ሣጥኑ እውነቱን ተናገረ እንጂ ስለ ልጆቹ አልተናገረም።

አዲስ ተሳታፊ፦ እኔ ደግሞ «ተጠቃሚ» በሚለው ቃል ላይ ቅሬታ አለኝ። ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ተጠቃሚ እያልን እስከጠራነው ድረስ፣ እንደ ባለመብት ሊጠይቀን አይደፍርም።

መዝጋቢ፦ ስሜትዎን እጋራለሁ፤ ነገር ግን ስሙን «ባለመብት» ብለን ለውጠን ዝርዝሩን ያው ሰው ከያዘው፣ ለዚያች እናት ምን ጠቀምናት?

አዲስ ተሳታፊ፦ ቃሉ ቀላል አይደለም። የምዝገባ ቅጹ ራሱ «የተጠቃሚ ፊርማ» ይላል፤ የእኛ ፊርማ የሚያርፍበት ቦታ ግን የለውም።

የመስክ አስተባባሪ፦ ስለ ቅጹ እውነት ብለዋል። እኔም የማልሸሽገው ነገር አለ፤ ነጻ የስልክ መስመር ከፍተን ሰው መደወል በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ፕሮጀክቱ ስላለቀ መስመሩ ተዘጋ። ለጋሾችና ትልልቅ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ኢስታንቡል ላይ እስከ 2020 ድረስ 25 በመቶው ገንዘብ ለአገር በቀል ድርጅቶች እንዲደርስ ተስማምተው ነበር፤ አልደረሰም። ያ ቢፈጸም ኖሮ መስመሩን የሚይዘው እዚያው የሚኖር፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ የማይሄድ ሰው ይሆን ነበር።

መዝጋቢ፦ አገር በቀሉስ ዝርዝሩን ከኮሚቴው እጅ ያወጣል? ዝርዝሩ ከእደላው በፊት በአደባባይ ይነበብ፤ ቅሬታውን የሚሰማው ሰው ዝርዝሩን ያላዘጋጀ ይሁን፤ መልሱም በተወሰነ ቀን ለቅሬታ አቅራቢዋ ይነገራት። ለዚህ የለጋሽ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚሉኝ ከሆነ፣ የትኛው ለጋሽ እንደከለከለ ይንገሩኝ።

የመስክ አስተባባሪ፦ ሦስተኛውን ሐሳብ፣ መልሱን በቀን ማሳወቁን፣ የከለከለ ለጋሽ የለም። የሚሠራው ሰው ግን በበጀቱ ውስጥ የለም።

መዝጋቢ፦ ሣጥኑን የሚሰቅል ሰው ግን በበጀቱ ውስጥ ነበረ።