ክርክር፦ የካናዳ ክፍለ ሀገር ባቡር ያገኛል ወይስ ወሬውን ሰምቶ ይቀራል?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የፌዴራሉ መንግሥት በፌብሩዋሪ 2025 ከቶሮንቶ እስከ ኩቤክ ሲቲ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ «አልቶ» የሚባል ባቡር እሠራለሁ ብሏል። 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ነው። ለዝግጅቱ ብቻ በ6 ዓመት የሚወጣ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል። ጥያቄዬ ከዚያ መስመር ውጪ ስላሉት ከተሞች ነው። ለንደን፣ ቲሚንስ፣ ካልጋሪ፣ ሬጃይና ምን ይድረሳቸው? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ስድብ ያመጣ ይወጣል።

የለንደን ልጅ፦ (የኦንታሪዮዋ ለንደን፣ የእንግሊዟ አይደለችም።) እኛ ተሞክሮብናል። በኦክቶበር 2021 ጎ ትራንዚት የሚባለው የኦንታሪዮ መንግሥት የትራንስፖርት ድርጅት የሙከራ ባቡር ጀመረ። በሥራ ቀን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በቃ። በመኪና ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን የቶሮንቶ መንገድ ወደ አራት ሰዓት አደረገው። ገና ሳይነጋ ተነስቶ አራት ሰዓት የሚቀመጥ ማነው? በ2023 ተዘጋ። አሁን አንድ ሰው «ባቡር» ሲል «ሞክረነው ሰው አልተሳፈረም» ይባላል። እንዲህ አድርጎ መሞከር እንዳይሳካ መፈለግ ነው።

የቶሮንቶ ታክሲ፦ ልጄ፣ እውነቱን እንነጋገር። አገሩ ሰፊ፣ ሕዝቡ ጥቂት ነው። በየትንሹ ከተማ ባዶ ባቡር የሚመላለሰው በእኔ ግብር ነው። አውቶቡስ ይበቃል። ሐዲድ አይፈልግ፣ ድልድይ አይፈልግ።

የካልጋሪዋ፦ ጋሼ፣ የትኛው አውቶቡስ? ግሬይሃውንድ በ2018 ከምዕራቡ ወጣ፣ በ2021 ደግሞ ከነአካቴው ካናዳ ውስጥ ሥራ አቆመ። ሳስካችዋንም የመንግሥቱን አውቶቡስ በ2017 ዘጋችው። ከትንሽ ከተማ ሬጃይና የሐኪም ቀጠሮ ያላት አሮጊት ምን ትሁን? መኪና ያለው ሰው ደጅ ትጥና?

የእኛን ደግሞ ልንገራችሁ። ካልጋሪና ኤድመንተን እያንዳንዳቸው ከሚሊዮን ሰው በላይ አላቸው። በመሃላቸው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፣ አብዛኛው ለጥ ያለ ሜዳ። የመንገደኛ ባቡር እስከ 1985 ነበረ፣ ከዚያ ቀረ። በጥር ሀይዌይ 2ን የነዳ ያውቀዋል። ሬድ ዲር አካባቢ ነፋሱ በረዶውን አስፋልቱ ላይ እንደ ጭስ ሲያስኬደው የመንገዱ ጠርዝ ይጠፋል። የሚታይህ ከፊት ያለው የከባድ መኪና ቀይ መብራት ብቻ ነው። እሱ ከሳተ አንተም ሳትክ። ክፍለ ሀገራችን አልበርታ በ2024 «የባቡር ማስተር ፕላን» ልታወጣ ነው ተባለ። አይ ፕላን!

ኦታዋ ተማሪ፦ አልቶን ግን አትናቁት። ፈጣኑ ባቡር የራሱ ሐዲድ ካገኘ አሮጌው መስመር ይተነፍሳል። ያኔ ኮርንዎል፣ ብሮክቪልና ቤልቪል ተጨማሪ ባቡር ማግኘት ይችላሉ።

የለንደን ልጅ፦ ይችላሉ ማለትና ያገኛሉ ማለት ይለያያል። አልቶ በፒተርቦሮ ነው የሚያልፈው። ኪንግስተን መስመሩ ላይ የለችም። ትልልቆቹ ከተሞች ወደ ፈጣኑ ሲዞሩ አሮጌው ባቡር በኪንግስተን ሰው ብቻ ይቀጥላል ወይ? እኔ ብሆን ዋስትናውን አሁኑኑ በጽሑፍ ነበር የምጠይቀው።

ሐዲድ ላይ የምሠራ፦ ሁላችሁም ስለ ባቡር ታወራላችሁ፣ ስለ ሐዲዱ የሚያወራ የለም። የመንግሥቱ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት ቪያ ሬል ከሚሄድበት ሐዲድ የራሱ የሆነው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው የጭነት ባቡር ኩባንያው የሲኤን ነው። ሲኤን ራሱ እኮ የመንግሥት ነበር፣ በ1995 ሸጡት። ያኔ ሐዲዱም አብሮ ሄደ።

ሥራው እንዲህ ነው። ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ሲመጣ አንዱ ወደ ጎን ገብቶ ይጠብቃል። የዛሬ የጭነት ባቡር ሦስት ኪሎ ሜትር ሊረዝም ይችላል፣ የጎን መጠበቂያው ብዙ ጊዜ አይችለውም። ስለዚህ የሚገባው አጭሩ ነው፣ ማለትም መንገደኛው። ጭነቱ ሁሉ እስኪያልፍ ሰው በመስኮት እያየ ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ ለመንገደኛው ባቡር ለአምትራክ ቅድሚያ የሚሰጥ ሕግ አለ፣ አንዳንዴ ባይከበርም። እዚህ ሕጉም የለም።

ሌላም አለ። ቪያ አዳዲስ የሲመንስ ባቡሮች ገዛ። ሐዲዱ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል። የባቡሩ ብረት ጎማ ሁለቱን ሐዲድ ሲያገናኝ መኪና ሐዲዱን የሚሻገርበት ቦታ ያለው አጥር ይወርዳል። በኦክቶበር 2024 ሲኤን «ባቡሮቻችሁ አክስላቸው (የጎማ ዘንጋቸው) በቁጥር ያንሳል፣ አጥሩ ላያያቸው ይችላል» አለና ፍጥነት እንዲቀንሱ አዘዘ። ነጂው አጥሩ መውረዱን በዓይኑ ካላየ በሙሉ ፍጥነት አያልፍም። አዲስ ባቡር ይዞ እንደ አሮጌ መሄድ ማለት ይሄ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል።

የቶሮንቶ ታክሲ፦ ሲኤን እኮ በጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም። የሜዳው ስንዴ ቫንኩቨር ወደብ በጊዜ ካልደረሰ ገበሬው ይከስራል። መርከብ ቆሞ አይጠብቅም። ቅድሚያ ለሰው ካላችሁ ኪሳራውን ማን ይክፈል?

ሐዲድ ላይ የምሠራ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው ጋሼ። ለዚህ ነው በሕግ ብቻ ይፈታል የማልለው። የጎን መጠበቂያውን ማስረዘም፣ በተጨናነቀው ቦታ ሁለተኛ ሐዲድ መጨመር። መንግሥት ይክፈል፣ በከፈለበት ቦታ ደግሞ ለመንገደኛ ሰዓት ያስቆርጥ። ከአልቶ ወጪ ጋር ሲተያይ ቁራሽ ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስላልሆነ ግን ፖለቲከኛ አይወደውም።

ዊኒፔግ ነኝ፦ ትርፍ ትርፍ ለምትሉ፦ በማኒቶባ ሰሜን ያለችው ቸርችል የመኪና መንገድ የላትም፣ በየብስ ያላት ባቡር ብቻ ነው። ከዊኒፔግ ሁለት ቀን ይፈጃል። በ2017 ጎርፍ ሐዲዱን ጠርጎት ከአንድ ዓመት በላይ ተቆርጠው ቀሩ። የምግብ ዋጋው የት እንደደረሰ እነሱን ጠይቁ።

የቶሮንቶ ታክሲ፦ ቸርችልን ተዉት፣ እሱ ግዴታ ነው። እኔ የምለው አገር ቤትም አይተነዋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በ2018 ሥራ ሲጀምር ሁሉም ደስ አለው። ጣቢያው ግን ለቡ ነው፣ እዚያ ለመድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። አልቶም ጣቢያውን ርካሽ መሬት ፍለጋ ከከተማ ውጪ ካስቀመጠው ሰው መኪናውን አይተውም።

ኦታዋ ተማሪ፦ በዚህ እንኳ ከጋሼ ጋር ነኝ።

አወያይ፦ ቲሚንስን የነካ የለም። ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ኦንታሪዮ ይሄድ የነበረው ኖርዝላንደር ባቡር በ2012 ቆሞ ነበር። ኦንታሪዮ አሁን ልትመልሰው ነው፣ ሦስት አዲስ ባቡር አዛለች። ከቶሮንቶ ቲሚንስ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ይፈጃል ተብሏል። ይሄስ ተስፋ አይደለም?

ሐዲድ ላይ የምሠራ፦ ነው። ግን ለምን እዚያ እንደቀለለ እዩ። ከኖርዝ ቤይ ወደ ሰሜን ያለው ሐዲድ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ነው። ሊለምኑ የሚሄዱት ለደቡቡ ግማሽ ብቻ ነው።

የካልጋሪዋ፦ እንግዲያው የእኛ ነገር ግልጽ ነው። በካልጋሪና በኤድመንተን መሃል ያለው ዋና ሐዲድ የሲፒኬሲ ነው፣ እሱም እንደ ሲኤን የግል የጭነት ባቡር ኩባንያ ነው። ወይ ይግዙት ወይ ከጎኑ አዲስ ያንጥፉ። ማስተር ፕላኑ ከዚህ ካልጀመረ ስለ ጣቢያ ቀለም አያውሩን።

የቶሮንቶ ታክሲ፦ አንቺ ልጅ፣ ትኬቱ ስንት ይሆናል? ከቤንዚን ከበለጠ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ በመኪናው ነው የሚሄደው።

የካልጋሪዋ፦ በጥር ወር፣ ሬድ ዲር ላይ፣ ዋጋውን ይጠይቁኝ ጋሼ።