ነገ ቼልተናም ላይ ማን ያሸንፋል? የሰኞ ማታ ክርክራችን

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ነገ ማክሰኞ መጋቢት 2፣ በፈረንጆቹ ማርች 11 ቀን 2025፣ እንግሊዝ አገር ቼልተናም ላይ ቻምፒዮን ሃርድል ይሮጣል። ለአዲሶች ባጭሩ፦ ከ1927 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያለ የመሰናክል ፈረስ ግልቢያ ነው። ሁለት ማይል ከትንሽ፣ ስምንት መሰናክል፣ መጨረሻ ላይ ያቺ የታወቀች ዳገት። ዘንድሮ ሰባት ፈረሶች ይሮጣሉ። ሰው የሚያወራው ስለ ሦስቱ ነው፦ ኮንስቲትዩሽን ሂል፣ ስቴት ማን፣ ብራይተር ዴይስ አሄድ። ማን ነው የሚያሸንፈው? ምክንያት የሌለው መልስ አይቆጠርም። ውርርድ ደግሞ የለም፣ ጾም ነው።

ሾፌሩ፦ ይሄ ምን ያከራክራል? ኮንስቲትዩሽን ሂል። አሥር ጊዜ ሮጠ፣ አሥር ጊዜ አሸነፈ። በ2022 እዚያው ቼልተናም ጀማሪ ሆኖ በ22 የፈረስ ርዝመት ነው የቀደመው። በ2023 ቻምፒዮን ሃርድልን ሲወስድ ስቴት ማንን በዘጠኝ ርዝመት ጥሎት ሄደ። አሰልጣኙ ኒኪ ሄንደርሰን ይህን ውድድር ዘጠኝ ጊዜ አሸንፏል። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

የደብሊኗ፦ የምፈልገው የዘንድሮን ነው። አንተ የምትነግረኝ የ2022 እና የ2023 ወሬ ነው። ፈረሱ ከዚያ ወዲህ ታሟል። የ2024ቱ ቻምፒዮን ሃርድል አመለጠው። ከታኅሣሥ እስከ ታኅሣሥ ዓመት ሙሉ አልሮጠም።

ሾፌሩ፦ እሺ እህቴ፣ ሲመለስስ ምን አደረገ? ኬምፕተን ላይ ሎሲማውዝን ቀደማት። የእናንተን ምርጥ ባዝራ! በጥር ደግሞ ቼልተናም መጥቶ አሸነፈ።

የደብሊኗ፦ በጥር የመጨረሻው መሰናክል ላይ እንዴት እንደተደናቀፈ አይተሃል? ያን ቀን ከኋላው የሚያስፈራ ፈረስ ስላልነበረ ተረፈ። ነገ እንደዚያ ቢሳሳት ማንም አይጠብቀውም።

ቁጥር አዋቂ፦ ልጨምር። ዘውዱን አጥቶ መመለስ ይቻላል። ሃሪኬን ፍላይ በ2011 አሸነፈ፣ በ2012 ተሸነፈ፣ በ2013 መለሰው። ግን እሱ በመሃል መሮጡን አላቆመም ነበር። ኮንስቲትዩሽን ሂል የጠፋው በሕመም ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ባላምባራስ፦ ልጆች፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ታገሱኝ። በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። እዚህ አገር ሁላችሁም የምትጠሩት አሰልጣኙን ነው። ሄንደርሰን እንዲህ አለ፣ ሙሊንስ እንዲያ አለ። ፈረሱን እዩት! ታሞ የተነሣ ፈረስ ሜዳ ላይ ደኅና ይመስላል። የሚጋለጠው ሽምጥ ሲጋልብ መሰናክል ከፊቱ ሲመጣ ነው። እኔ ስቴት ማን ነው የምለው። የአምናው አሸናፊ ነው፣ በየዓመቱ ይሮጣል፣ አይጠፋም።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በታኅሣሥ ሌፐርድስታውን ላይ የት ነበረ? ብራይተር ዴይስ አሄድ በ30 ርዝመት አሸነፈች። እሱ ሦስተኛ ነው የወጣው። ሁለተኛ እንኳ አይደለም!

ባላምባራስ፦ አውቃለሁ ልጄ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ እዚያው ሜዳ ላይ ተመልሶ የአየርላንድን ቻምፒዮን ሃርድል ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት እንደወሰደስ ነግረሃቸዋል?

ሾፌሩ፦ ሎሲማውዝ ስለወደቀች ነዋ።

ባላምባራስ፦ መውደቅም የውድድሩ አካል ነው። መሰናክሉን ለጌጥ መሰላችሁ ያቆሙት?

የደብሊኗ፦ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ግን ምርጫዬ ባዝራዋ ናት። የ30 ርዝመት ድል ዝም ብሎ አይገኝም። አሰልጣኟ ጎርደን ኤሊየት ያን ቀን ኪንግ ኦፍ ኪንግስፊልድን ከፊት ለቆ ከመነሻው በፍጥነት አስኬደው። ሌሎቹ ትንፋሽ አጠራቸው፣ እሷ ግን ሄደች። ነገም ያው ፈረስ ተመዝግቧል። ለምን ይመስላችኋል? ኮንስቲትዩሽን ሂል ዓመት ሙሉ ያልተፈተነበት ነገር ይህ ነው። ከመጀመሪያው መሰናክል ጀምሮ የሚያስጨንቅ ፍጥነት። በዚያ ላይ ባዝራ ስለሆነች ከምትሸከመው ክብደት 7 ፓውንድ ይቀነስላታል።

ሾፌሩ፦ ይኸው መጣች! ያቺ 7 ፓውንድ! ከሦስት ኪሎ በላይ እኮ ነው። ሻምፒዮና ማለት እኩል ተሸክሞ መሮጥ ነው። ለባዝራ ስጦታ ሰጥተህ «ሻምፒዮን» ማለት ምን ማለት ነው?

የደብሊኗ፦ ስጦታ አይደለም ወንድሜ። አብዛኛው ተፎካካሪ የተኮላሸ ወንድ ነው፤ በአካል ይበልጧታል። ስጦታ ቢሆን ኖሮ ባዝራዎች በየዓመቱ ያሸንፉ ነበር። ከ1927 እስከ ዛሬ ያሸነፉት ስድስት ባዝራዎች ብቻ ናቸው።

ቁጥር አዋቂ፦ እሱ እንኳን አንቺን አይረዳሽም። እስከ 2015 ድረስ ሦስት ብቻ ነበሩ። አፍሪካን ሲስተር በ1939፣ ዶውን ረን በ1984፣ ፍሌኪ ደቭ በ1994። ከ2016 እስከ አምና በተደረጉት ዘጠኝ ውድድሮች ግን አራቱን የወሰዱት ባዝራዎች ናቸው። አኒ ፓወር፣ ኤፓታንት፣ ሃኒሳክል ሁለት ጊዜ። አንድ ነገር ተለውጧል።

የደብሊኗ፦ የተለወጠው ክብደቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ድሮ ጥሩ ባዝራ ቶሎ ለርቢ ትወጣ ነበር። አሁን ለእነሱ የተለዩ ትልልቅ ውድድሮች አሉ። ቼልተናም ራሱ የባዝራዎች ሃርድል የጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ ባለቤቶች ያቆዩዋቸዋል፣ ይለማመዳሉ፣ ይበስላሉ። ሃኒሳክል ሁለቱንም ዓመት ስታሸንፍ የጋለበቻት ሬቸል ብላክሞር ናት። ያኔስ ለሴቷ ጋላቢም ኪሎ ተቀነሰላት ልትል ነው?

ሾፌሩ፦ እሱን አላልኩም። 😅

ቁጥር አዋቂ፦ በእኔ በኩል በብራይተር ዴይስ አሄድ ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ክብደቱ አይደለም። ቦታው ነው። ድሎቿ ሜዳማ ላይ ናቸው። ቼልተናም አምና አንዴ መጥታ ነበር፣ በጀማሪ ባዝራዎች ውድድር ሁሉም የጠበቋት እሷን ነበር፣ ሁለተኛ ወጣች። ዳገቷን አትወዳትም ይሆናል።

ዝም ብዬ አያለሁ፦ ማን ቀደማት?

ቁጥር አዋቂ፦ ጎልደን ኤስ የምትባል ባዝራ። ነገም አለች፣ ግን ለእኛ ጉዳይ አይደለችም።

ዝም ብዬ አያለሁ፦ እሺ።

አስተባባሪ፦ ሎሲማውዝስ? ለምን አትሮጥም?

የደብሊኗ፦ ትሮጣለች፣ ግን እዚህ አይደለም። የእሷም የስቴት ማንም አሰልጣኝ ሙሊንስ ወደ ባዝራዎቹ ሃርድል ወሰዳት። አምናም አሸንፋዋለች። እኔ አልወደድኩትም። ጠንካራዎቹ አንድ ላይ መጋጠም አለባቸው።

ባላምባራስ፦ ሰውየው ስቴት ማን እያለው ሁለቱን እርስ በርስ ለምን ያጋጭ? ሁለት ዋንጫ መውሰድ እየቻለ!

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ያ እኮ ፍርሃት ነው።

ባላምባራስ፦ ፍርሃት አይደለም፣ ስሌት ነው። ይልቅስ አንድ ነገር ልበላችሁና ልተኛ። በ2015 አኒ ፓወር የባዝራዎቹን ሃርድል ብቻዋን እየመራች መጨረሻው መሰናክል ላይ ወደቀች። ግማሹ ሰው ገንዘቡን መቁጠር ጀምሮ ነበር። በዓመቱ ቻምፒዮን ሃርድልን ወሰደች። ስምንቱም ሳይዘለል ማንም አላሸነፈም።

አስተባባሪ፦ ይመዝገብ። ሾፌሩ ኮንስቲትዩሽን ሂል። ባላምባራስ ስቴት ማን። የደብሊኗ ብራይተር ዴይስ አሄድ። ቁጥር አዋቂ?

ቁጥር አዋቂ፦ ኮንስቲትዩሽን ሂል። ብጠራጠርም ቁጥሩ እሱን ነው የሚለው።

*ማክሰኞ ማታ*

አስተባባሪ፦ ሰው አለ?

የደብሊኗ፦ እጄ ይንቀጠቀጣል። ላላያችሁት ልንገራችሁ። ኮንስቲትዩሽን ሂል አምስተኛው መሰናክል ላይ ወደቀ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ሽንፈት ነው። ስቴት ማን ቀዳሚነቱን ያዘ። የእኔዋ መከተል አቃታት። ዳገቱም አልነበረም ችግሩ፣ ዝም ብላ ቀረች። ስቴት ማን ብቻውን ሆኖ መጨረሻው መሰናክል ላይ ደረሰ፣ ጋላቢው ፖል ታውነንድ አለቀ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ እና ወደቀ። መጨረሻው ላይ! ጋሼ፣ ምን አሟርተው ነው?

ባላምባራስ፦ በገዛ ፈረሴ ላይ አሟረትኩ። ሁለቱም ፈረሶች ተነሥተው ሄደዋል፣ እሱ ይበቃኛል።

ሾፌሩ፦ እኔ አላወራም ዛሬ።

አስተባባሪ፦ ታዲያ ማን አሸነፈ?

ቁጥር አዋቂ፦ ጎልደን ኤስ። በዘጠኝ ርዝመት። በውርርድ 25 ለ 1 ነበረች፣ ማንም አልጠበቃትም። ጋላቢዋ ሎርካን ዊሊያምስ፣ አሰልጣኟ ጄረሚ ስኮት፣ ኤክስሙር ያለ ትንሽ ጋጣ። ሁለተኛው በርዴት ሮድ 66 ለ 1። ብራይተር ዴይስ አሄድ አራተኛ።

ቁጥር አዋቂ፦ ልናዘዝ። ባለፈው ወር ዊንካንተን ላይ ማሸነፏን አውቅ ነበር። አምና በዚሁ ቼልተናም የሁላችንን ፍርሃት ብራይተር ዴይስ አሄድን መቅደሟንም ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ጽፌ አለፍኩት።

ሾፌሩ፦ እድል ነው። ሁለቱ ባይወድቁ ሦስተኛ ትወጣ ነበር።

የደብሊኗ፦ ሁለቱ ወደቁ፣ እሷ ስምንቱንም ዘለለች። ትናንት ጋሼ ምን አሉ? እና ያቺ 7 ፓውንድ ዛሬ ምን አደረገች? ንገረኝ እስቲ። ከሷ ጋር 7 ፓውንድ የተቀነሰላት የእኔዋም ነበረች።

ሾፌሩ፦ አላወራም አልኩ።

ዝም ብዬ አያለሁ፦ እኔ የጠየቅኩት ማን ቀደማት ብዬ ብቻ ነው።

አስተባባሪ፦ 😂 ነጥብ ያገኘ የለም። ነገ ረቡዕ ኩዊን ማዘር ቻምፒዮን ቼዝ ነው። ምርጫችሁን ጻፉ፣ ምክንያት አትርሱ።

ሾፌሩ፦ ጆንቦን። ይሄ ምን ያከራክራል?