«መዓት» እና «አደራ»፦ አኪሌስንና ኤኔያስን በየትኛው ቃል እንግለጻቸው?

ጥያቄ፦ ወገኖች፣ የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜር የትሮይ ጦርነት ግጥም፣ ኢሊያድ፣ የሚከፈትበትን «ሜኒስ» የሚለውን የግሪክ ቃል «ቁጣ» እያልን እናልፈዋለን። ሮማዊው ገጣሚ ቨርጂል ደግሞ በኤኒድ ግጥሙ ጀግናውን፣ የትሮዩን ኤኔያስን፣ ደጋግሞ በላቲን «ፒዩስ» ይለዋል፤ ይህንንም «መንፈሳዊ» ሲሉት አይቻለሁ። ሁለቱም አልዋጥልኝ አሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ «ቁጣ» ያንሰዋል። ማንም ይቆጣል፣ ሲመሽ ይበርድለታል። «ሜኒስ» በኢሊያድ በአብዛኛው የአማልክት ነው፤ ከሰው መካከል ዋናው ባለቤቱ የግሪኮቹ ታላቅ ተዋጊ አኪሌስ ነው። ስለዚህ እኔ «መዓት» እላለሁ፤ የፈጣሪን ቁጣም፣ ቁጣው የሚያወርደውን መቅሠፍትም አንድ ላይ ይዟል። የግሪኮች ጦር አዛዥ አጋሜምኖን ምርኮኛዋን ብሪሴይስን ቢነጥቀው አኪሌስ ከጦርነቱ ወጥቶ ተቀመጠ፤ የረገፉት የገዛ ወገኖቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ቂም» ቢባልስ?

መልስ፦ ቂም በሆድ ይያዛል። አኪሌስ ግን በጉባኤው ፊት በትር ይዞ ምሎ፣ በትሩን መሬት ላይ ወርውሮ ነው የተቀመጠው። የደበቀው ነገር የለም።

«ፒዩስ»ን በተመለከተ፣ «መንፈሳዊ» ሲባል የገዳም ሰው ይመስላል። ኤኔያስ ትሮይ ስትቃጠል ሽማግሌ አባቱን አንኪሴስን አዝሎ፣ ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ የወጣ ሰው ነው። የቤቱን አማልክት ምስሎች የያዘው አባቱ ነው፤ የኤኔያስ እጅ ደም ስለነካ በወራጅ ውኃ እስኪታጠብ ሊነካቸው አይገባም። ሚስቱ ክሬውሳ በዚያው ሌሊት ከኋላ ቀርታ ጠፋች። ካርቴጅ ላይ የወደደችውን ንግሥት ዲዶን ጥሎ የሄደውም ጣልያን ምድር የሚጠብቀው ግዴታ ስላለበት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከም ቃል «ባለአደራ» ይመስለኛል።

ቃሉ በመጨረሻው መጽሐፍ፣ በ12ኛው፣ ይፈተናል። በጣልያን የገጠመው ጠላቱ ተርኑስ ቆስሎ ወድቆ በሽማግሌ አባቱ ስም ይለምናል። አንኪሴስ በሙታን ዓለም ሳለ «እጅ የሰጠውን ማር» ብሎ ነበርና ኤኔያስ እጁን ሊመልስ ያመነታል። ወዲያው ግን ተርኑስ ትከሻ ላይ የፓላስን መታጠቂያ ያያል። ፓላስ ደግሞ ንጉሥ ኢቫንደር አደራ ብሎ የሰጠው አንድ ልጁ ነው፤ የገደለውም ተርኑስ ነው። ኤኔያስ በንዴት ነዶ ሰይፉን ደረቱ ውስጥ ሰደደ፣ ግጥሙም እዚያው አለቀ። የአኪሌስ መዓት ግን የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም ልጆቹን የገደለበትን እጅ ስሞ ሲለምነው በርዶ፣ ሁለቱም አብረው አልቅሰዋል።

እንግዲህ ኤኔያስን «አደራ በላ» የሚል ካለ፣ የበላው የአባቱን ነው ወይስ ባይገድል ኖሮ የሚበላው የኢቫንደርን ነበር? እኔ ለኢቫንደር አደላለሁ።