ያለቀ ውል ኦዱ ላይ አርካይቭ ይደረግ ወይስ ይጥፋ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አስመጪ ድርጅት ውስጥ ግዢ ክፍል ነው የምሠራው። ውሎቻችንን የምንይዘው ኦዱ (Odoo) በሚባለው የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ ነው። የመጋዘን ኪራዩ፣ የትራንስፖርቱ፣ የጥበቃው፣ ያለቀውም ያላለቀውም ተደባልቋል። ሥራ አስኪያጃችን «ጊዜው ያለፈበትን አጥፉልኝ» ይላሉ። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። አርካይቭ ማድረግ ከማጥፋት በምን ይለያል? ስንት ዓመትስ እንያዘው?

የሲስተም ባለሙያ፦ እህቴ፣ እንዳታጠፊው! አርካይቭ ያደረግሽው ውል ከዝርዝሩ ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። ማጣሪያው ላይ «አርካይቭድ» የሚለውን ስትመርጪ ታገኚዋለሽ፤ ስትፈልጊም ትመልሺዋለሽ።

የሕግ ባለሙያ፦ ከ10 ዓመት በታች አታስቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 መሠረት፣ በሌላ ሕግ ካልተደነገገ በቀር፣ ከውል የሚነሳ ክስ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፎ፣ የሚታገደው በ10 ዓመት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጊዜው የሚቆጠረው ከፊርማው ቀን ሳይሆን ግዴታው መፈጸም ከነበረበት ቀን ነው። ባለዕዳው በመሃል ዕዳውን አምኖ ደብዳቤ ከጻፈ ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ደብዳቤውንም፣ የርክክብ ሰነዱንም እዚያው ከውሉ ጋር አያይዢ። ስካን አድርገናል ብላችሁ ወረቀቱን እንዳትጥሉት። ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈለገው የምስክሮች ፊርማ ያለበት ዋናው ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! የመጋዘኑ ኪራይ በማሻሻያ ነው የታደሰው። የድሮውን አርካይቭ ላድርገው?

የሕግ ባለሙያ፦ አይሆንም። ማሻሻያው የሚቆመው በዋናው ውል ላይ ነው። ኪራዩ እስኪያልቅ ሁለቱም አብረው ይታዩ።