ጥቆማ፦ ሽንት ላይ ካልሲየም ሲበዛ የቱ ምርመራ፣ የቱ እንክብል?

ጥያቄ፦ ሽንቴ ላይ ካልሲየም በዝቷል ተባልኩ። ወተት ልተው? ምርመራውን ብደግም የትኛው ይሻላል? የካልሲየም እንክብልም እወስዳለሁ።

መልስ፦ ወተቱን አይተዉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቸኩለው እሱ ላይ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ከምግብ የሚገኝ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን (ከአንዳንድ ምግቦች የሚመጣ ንጥረ ነገር) ይዞ በሰገራ ይወጣል። ካልሲየሙ ሲጎድል ኦክሳሌቱ ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ ሽንት ያልፋል። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ደግሞ የሁለቱ ውህድ ነው። አጥንትም ይጎዳል።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ በአንድ ጊዜ ሽንት ካልሲየምን ከክሬቲኒን (ከጡንቻ መጥቶ በሽንት ከሚወጣ ቆሻሻ) ጋር የሚያነጻጽረው ፈጣን ነው፣ ለሕፃናትም ይመቻል። ለአዋቂ ግን የ24 ሰዓቱን እመርጣለሁ። አድካሚ ነው፣ አልዋሽም። የመጀመሪያው ጠዋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው፣ የማግስቱን ጠዋት ጨምሮ፣ ሁሉም ይጠራቀማል። አንዴ ካመለጠ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ያታልላል። ስለዚህ ክሬቲኒን፣ ሶዲየም፣ ኦክሳሌትና ሲትሬት አብሮ የሚለካ ላቦራቶሪ ይፈልጉ። ሽንቱ ሳይጎድል መሰብሰቡ በክሬቲኒኑ ይታወቃል። ሶዲየሙ ጨው አብዝተው እንደሆነ ይናገራል፤ ኩላሊት ጨው ሲያስወጣ ካልሲየምንም አብሮ ይለቃልና። በተለምዶ በቀን ለሴት ከ250፣ ለወንድ ከ300 ሚሊግራም ካለፈ በዛ ይባላል።

የደም ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞንም (አንገት ላይ ያሉ ትናንሽ እጢዎች የሚያመነጩት፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠር) ይታዩልዎ። ሁለቱም ከፍ ካሉ ችግሩ ከእጢው ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ይለያል።

ከእንክብሎቹ ካልሲየም ሲትሬትን አስቀድማለሁ፤ ሲትሬት ራሱ ጠጠር እንዳይረጋ ያግዛል። ካርቦኔት ከሆነ ያለዎት ከምግብ ጋር ይውሰዱት። ሐኪም ያዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቋርጡ። ቫይታሚን ዲም የሚወስዱ ከሆነ መጠኑን ይንገሩት፤ ሲበዛ ካልሲየሙን ከፍ ያደርጋል።

ሌላ አስተያየት፦ በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ፉሮሰማይድ ካልሲየም በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ይቀንሰዋል። ጎረቤትዎን ያሻለውን መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የራስዎን የ24 ሰዓት ውጤት ይዘው ሐኪም ያማክሩ። ውኃም ይጠጡ፤ ጠጠር ያለበት ሰው በቀን ቢያንስ 2.5 ሊትር እንዲሸና ነው የሚመከረው።