የእሬት ዝርያዎች በዲኤንኤ ባርኮድ አልለይ አሉኝ

ለማስተርስ ጥናቴ ከሸዋና ከሐረርጌ የአራት እሬት ዝርያዎችን 24 የቅጠል ናሙና ሰብስቤ በሲሊካ ጄል አድርቄያለሁ። የእሬት ዝልግልግ መቼም አያድርስ ነው፤ ዲኤንኤውን ያወጣሁት በሦስተኛ ሙከራዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ለዕፅዋት መደበኛ ባርኮድ (ዝርያን መለያ አጭር የዲኤንኤ ክፍል) ተብለው የተመረጡትን ሁለት የክሎሮፕላስት ጂኖች፣ አርቢሲኤልንና (rbcL) ማትኬን (matK)፣ ሲኩዌንስ አስደረግሁ፤ ማለትም የዲኤንኤ ፊደላቸውን ቅደም ተከተል አስነበብሁ። አርቢሲኤል በሁሉም ናሙና አንድ ነው፤ ማትኬ አንዱን ዝርያ ብቻ ለየልኝ። የቀሩት ሦስቱ በአበባቸው በዓይን ይለያሉ፣ የዝምድና ዛፉ ላይ ግን ሳይለያዩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል። በኒውክለስ ውስጥ ያለውን ሌላ የዲኤንኤ ክፍል፣ አይቲኤስን (ITS)፣ ስሞክር ዲኤንኤን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ አንድ ጥርት ያለ መስመር አየሁ፤ ሲኩዌንሱ ላይ ግን ከመቶኛው ፊደል በኋላ የግራፉ ጫፎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይደራረባሉ። የቀረኝ ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። አይቲኤስን ክሎን ላድርግ (ቅጂዎቹን በባክቴሪያ ውስጥ ለያይቼ ላባዛ) ወይስ ወደ ሌላ የክሎሮፕላስት ክፍል፣ ወደ ቲአርኤንኤች–ፒኤስቢኤ (trnH–psbA)፣ ልሂድ?