የከተማ ወጣት ለምን ጩቤ ይዞ ይወጣል? (ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። በትልልቅ ከተሞች ወጣቶች እርስ በርስ የሚጎዳዱትና የሚገዳደሉት በምን ምክንያት ነው? የቤተሰብ ጥፋት ነው? ድህነት ነው? የሕግ መላላት ነው? ወይስ ሌላ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በግድያ ከሚሞቱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ ወንዶች ናቸው። ሐሳቡን ሞግቱ፤ ሰውን አትንኩ። ጀምሩ።

የሦስት ልጆች አባት፦
እኔ ነገር ማወሳሰብ አልወድም። ልጅ የሚበላሸው ከቤት ነው። አባት ማታ ሲገባ ልጁ የት እንደዋለ ካልጠየቀ መንገድ ያሳድገዋል። መንገድ ደግሞ ምሕረት የለውም። ድህነት ድህነት እያልን ሰበብ አናብዛ። እኛም በችግር ነው ያደግነው፤ ሰው ግን አልወጋንም። የዛሬ ልጅ የሚያከብረውና የሚፈራው ሰው አጥቷል። ዋናው ነገር ይኸው ነው።

መምህርት፦
ጋሼ፣ ክትትል እንደሚያስፈልግ አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጥፋቱ የወላጅ ብቻ ከሆነ ሁከቱ ለምን ጥቂት ሰፈሮች ውስጥ ይከማቻል? ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ ማኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች የቺካጎን ሰፈሮች አጥንተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ውጤቱን አሳትመዋል። በነዚያ ሰፈሮች ነዋሪው ተቀያይሯል። አንዱ ስደተኛ ሕዝብ ሲወጣ ሌላው ገብቷል። የወጣቶች ወንጀል ግን እዚያው ቀረ። ለቀው የወጡት ቤተሰቦች ልጆች ሌላ ቦታ ሲኖሩ ረገብ አሉ። ታዲያ ወደዚያ ሰፈር የሚገባው መጥፎ ወላጅ ብቻ እየተመረጠ ነበር?

የሕግ ባለሙያ፦
ሰፈር ሰው አይወጋም። ሰው ነው ሰው የሚወጋው። በዚያው ሰፈር ከሚኖሩት ወጣቶች አብዛኞቹ በሰላም ወጥተው በሰላም ይገባሉ። በ1990ዎቹ ቦስተን ውስጥ በተደረገ ጥናት የወንበዴ ቡድን አባላት ከከተማዋ ወጣቶች 1 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከወጣቶች ግድያ ቢያንስ 60 በመቶው ግን ከነሱ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ስለነዚህ ጥቂቶች ነው። ምን ያደፋፍራቸዋል?

የእኔ መልስ አለመያዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2020ዎቹ መጀመሪያ ፖሊስ እልባት የሰጠው ለግማሽ ያህሉ ግድያ ብቻ ነበር። ቅጣት ይክበድ ማለቴ አይደለም። የ18 ዓመት ልጅ የሕግ አንቀጽ አንብቦ ከቤት አይወጣም። ማን እንደተያዘና ማን እንዳልተያዘ ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

ወጣት፦
የሕግ ባለሙያው የተናገሩት ግማሹን ነው። ገዳይ ሳይያዝ ሲቀር የሚደፍረው ገዳዩ ብቻ አይደለም። የሟቹ ጓደኞችም አሉ። ፖሊስ ጋ ቢሄዱ ምንም ላይመጣ ስማቸው ይወጣል። ዝም ቢሉ ቀጣዮቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ደሙን ራሳቸው ይመልሳሉ።

ጩቤ የሚይዘው ልጅ ሁሉ ጨካኝ አይደለም። ብዙው ፈሪ ነው። ሌላው ይዟል ብሎ ስለሚያስብ ይይዛል። ያኛውም በተራው እንዲሁ አስቦ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ነገር ይበቃል። አንድ ስድብ፣ አንድ ግፊያ። ስድቡ ደግሞ አሁን በስልክ ይቀረጻል። ማታውን ሰፈሩ በሙሉ ያየዋል። ልጁ ጠዋት ሲወጣ ሁሉም እንዳየው እያወቀ ነው። ትልልቅ ሰዎች «ለስድብ ብሎ ሰው ይገደላል?» ይሉናል። ስድቡ አይደለም ችግሩ። ዝም ብሎ ያለፈ ልጅ ነገ ማንም ተነሥቶ የሚመታው ይሆናል። ይህን ስሌት የሚሠራው ሥነ ምግባር ስለጎደለው አይደለም። የሚጠብቀው ሰው ስለሌለው ነው።

ነርስ፦
ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ይህ ወንድማችን የተናገረው አልጋ ላይ የማየው ነገር ነው። ሰው ሁለት ዓይነት ልጅ ያለ ይመስለዋል፤ ወጊና ተወጊ። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ናቸው። ዛሬ የተወጋው ስፌቱ ሳይፈታ ለበቀል ይወጣል። ጓደኞቹ አልጋውን ከበው ሲንሾካሾኩ ስለምን እንደሚያወሩ ይገባኛል። ቁስሉን አሽገን እንሸኘዋለን። የሚመለሰው ግን ወደዚያው ጥግ ነው። ይህን ማየት ያማል።

አለመያዝ ለተባለው አንድ ነገር ልጨምር። የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ውስጥ ጆናታን ሼፐርድ የተባሉ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ተደብድበው ሆስፒታል ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ፖሊስ መዝገብ ላይ እንደሌሉ አስተዋሉ። ሰዉ አያመለክትም። ይፈራል፣ ያፍራል ወይም ፋይዳ የለውም ብሎ ይተዋል። ስለዚህ እንግዳ ተቀባዮቹ የታካሚውን ስም ሳይሰጡ ሦስት ነገር ብቻ ይመዘግቡ ጀመር፦ የት፣ መቼ፣ በምን። መረጃው ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር ሄደ። የትኛው መጠጥ ቤት ደጃፍ፣ በስንት ሰዓት፣ በጠርሙስ ነው ወይስ በቡጢ የሚለው ታወቀ። በሁከት ተጎድቶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቀነሰ። ማንም አልተሰበከም። ማየት ያቃተን ነገር እንዲታይ ተደረገ እንጂ።

ስለ ስኮትላንዷ ከተማ ግላስጎውም ልንገራችሁ፤ የሚያጽናናኝ ታሪክ ስለሆነ ነው። ከተማዋ በጩቤ ግድያ ስሟ የጠፋ ነበር። በ2005 ፖሊስ ራሱ የሁከት ቅነሳ ክፍል አቋቋመ። ሁከትን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር እንየው አለ። በኋላም የቡድን አባላቱን ፍርድ ቤት አዳራሽ ጠርተው አስቀመጧቸው። ፖሊስ ተናገረ፣ ሐኪም ተናገረ፣ ልጇ የተጎዳባት እናት ተናገረች። መልእክቱ አጭር ነበር። አቁሙ፤ ካቆማችሁ ሥራና ትምህርት እንፈልግላችኋለን። ካላቆማችሁ አንዱ ሲያጠፋ ሕግ ቡድኑን በሙሉ ይከተላል። በስኮትላንድ የግድያ ቁጥር በ10 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ የወላጆች ጠባይ በ10 ዓመት አልተለወጠም።

የሦስት ልጆች አባት፦
እህቴ፣ ሥራሽን አከብራለሁ። ግን ሌት ተቀን በስክሪን ሰው ሲገድል የሚያድግ ልጅስ? ጌሙ፣ ፊልሙ? ይህን ማንም አላነሣም።

መምህርት፦
ጌምን በተመለከተ ማስረጃው ደካማ ነው። በ2019 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የብሪታንያ ታዳጊዎችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው ከጠበኝነት ጋር ግንኙነት አላገኙም። ጌሙ በመላው ዓለም ይጫወቱታል፤ ግድያው ግን በየከተማው እጅግ ይለያያል። እዚህ ላይ ጊዜ ባናጠፋ እመርጣለሁ።

ይልቅ ሌላ ነገር ላምጣ፤ ጋሼም የሚወዱት ይመስለኛል። በቺካጎ ትምህርት ቤቶች ለወንድ ተማሪዎች የሚሰጥ አንድ ሥልጠና አለ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። አንደኛው ኳስ ይያዝና ሌላኛው በ30 ሴኮንድ ውስጥ ይውሰድ ይባላል። ሁሉም ይታገላል፣ ጣት ይጠመዝዛል። ከዚያ አሠልጣኙ «ለምን ስጠኝ ብለህ አልጠየቅህም?» ይላል። ልጁም «አይሰጠኝማ፣ ፈሪ ነው ይለኛል» ብሎ ይመልሳል። ሌላኛው ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ «ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር፤ ኳስ እኮ ነው» ይላል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለኩት። ሥልጠናው በሚሰጥበት ጊዜ በኃይል ወንጀል መያዝ ከ45 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ።

የሦስት ልጆች አባት፦
ታዲያ ይህ አስተዳደግ አይደለም? እኔስ ምን አልኩ? ቆም ብሎ ማሰብን ማስተማር የወላጅ ሥራ ነው። ወላጅ ካልቻለ ትምህርት ቤት ይሥራው። እስማማለሁ።

ወጣት፦
ጋሼ፣ አንድ ልዩነት አለው። ያ ሥልጠና ልጁን «ጠባይህ መጥፎ ነው» አይለውም። መንገድ ላይ ቶሎ መታገል ልጁን ሊያድነው እንደሚችል ሥልጠናው ያውቃል። ያው ጠባይ ክፍል ውስጥ፣ መምህር ፊት ሲደገም ነው የሚያጠፋው። የት እንዳለህ ለይ፣ ከዚያ እጅህን አንሣ ወይም አታንሣ ነው የሚለው። እኛን የሚሰማን ሰው እንዲህ ነው የሚናገረን።

ሥራም አለ። በ2014 የታተመ ሌላ የቺካጎ ጥናት አለ። ሁከት በበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ላሉ ወጣቶች በዕጣ የ8 ሳምንት የክረምት ሥራ ተሰጠ። በ16 ወር ውስጥ በኃይል ወንጀል መያዛቸው ዕጣው ካልደረሳቸው በ43 በመቶ አነሰ። ስለዚህ ድህነት የለበትም አትበሉን።

የሕግ ባለሙያ፦
ይህን ጥናት አውቀዋለሁ። ጥሩ ጥናት ነው። ግን የሚለውን እስከ መጨረሻ እናንብበው። ስርቆት አልቀነሰም። ገንዘብ ማጣት ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ መጀመሪያ መቀነስ የነበረበት ስርቆት ነው። የቀነሰው ድብደባው ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ለውጥ የታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ልጆቹ ሥራ ላይ ስለዋሉ ብቻ ቢሆን ክረምቱ ሲያልቅ ያበቃ ነበር። ደመወዙ ሳይሆን ሌላ ነገር አግኝተዋል።

ነርስ፦
አዋቂ አግኝተዋል። በዚያ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ወጣት የሚከታተለው አማካሪ ተመድቦለት ነበር። በሰዓቱ መጣህ ወይ የሚለው፣ አለቃው ሲቆጣው ምን እንደሚመልስ የሚነግረው ሰው ማለቴ ነው። እኔ ምክንያቱን በዚህ ነው የማየው። ጠብ ሲነሣ ልጁ የሚደውልለት ትልቅ ሰው አለው ወይስ የለውም? ፖሊስ የማያምን፣ ከትምህርት ቤት የተባረረ፣ አባቱ ጋ ሄዶ «ሊወጉኝ ነው» ማለት የሚያፍር ልጅ ለማን ይደውላል? ለጓደኞቹ ይደውላል። እነሱ ደግሞ ጩቤ ይዘው ይመጣሉ።

ስለዚህ ያንን ትልቅ ሰው ሆስፒታሉ በር ላይ እናስቀምጠው። ግላስጎው ከ2015 ጀምሮ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ራሳቸው በዚያ ሕይወት ያለፉ ናቸው። የተወጋው ልጅ ገና አልጋ ላይ ሳለ አጠገቡ ይቀመጣሉ።

የሦስት ልጆች አባት፦
እዚህ ላይ እቆማለሁ። ትናንት ጩቤ ይዞ ይዞር የነበረ ሰው ዛሬ በእኔ ግብር ደመወዝ ይከፈለው? የእኔ ልጅ በሥርዓቱ የተማረው ሥራ አጥቶ ሳለ? ይህ ምን ያስተምራል?

ወጣት፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሄደው ቢያናግሩት ይሰማዎታል? እኔን እንኳ አይሰማኝም።

የሕግ ባለሙያ፦
የጋሼ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። በቺካጎ በ2000 ገደማ ጋሪ ስሉትኪን የተባሉ የተላላፊ በሽታ ሐኪም የጀመሩት ተመሳሳይ ሥራ ነበር። በቀድሞ የቡድን አባላት አማካይነት ጠብ ማብረድ ነው። ወደ ብዙ ከተሞችም ሄዷል። በአንዳንድ ሰፈሮች ውጤት አሳየ፤ በሌሎች አላሳየም። ሠራተኛው በጥንቃቄ ካልተመረጠ ተመልሶ ወደ ድሮው ሊገባ ይችላል። እኔ እቃወማለሁ አልልም። ያለ ቁጥጥር ግን አልቀበልም።

የሦስት ልጆች አባት፦
እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ስንት ዓመት ከዚያ ሕይወት እንደራቀ ይጣራ። ሠፈሩ ይመስክርለት። በየዓመቱ ውጤቱ በገለልተኛ ሰው ይለካ። ካልሠራ ይቁም። ይህ ከተጻፈ እኔም እደግፋለሁ።

ነርስ፦
ሦስቱንም እቀበላለሁ። አራተኛ ልጨምር፦ ሰውየው ማታና ቅዳሜ ይሥራ። የቢሮ ሰዓት ላይ የሚወጋ ልጅ ብዙ አይመጣልንም።